አማቴና የቦርከና እንቁራሪቶች

ይህ የሆነው ጣሊያን ደሴ ከገባ በኋላ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ተድሬ ወደ ደሴ በወጣሁበት ዓመት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ እስከ ዛሬ ሳልጽፈው ቆየሁ። ልጆቼ ግን «አንቺ ካልጻፍሽው እኛ ስንናገር ማንም አያምነንም» እያሉ ሰላም ነሱኝ። እኔም ያ ቀን በሐሳቤ በመጣ ቁጥር ብቻዬን ስለሚያስቀኝ ለሌላውም ይድረስ ብዬ ተነሳሁ።

ያደግሁት ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ቄጠማው ከማይደርቅበት መስክ አጠገብ ነው። እዚያ ዝናብ ጣል ካደረገ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንቁራሪት ይንጫጫል። የቤታችን ሰው ሁሉ እየጮኸ የሚያወራው ለዚህ ነበር። ደሴ ስገባ ግን በእኛ ሰፈር አንዲት እንቁራሪት የለችም። ብርዱን ቻልኩት፤ ጸጥታውን ግን አልቻልኩትም።

ባሌ ሰይድ ፒያሳ አጠገብ ኮርቻ ይሰፋ ነበር። አንድ ቀን ለምሳ ሲመጣ ሳለቅስ አገኘኝ።

«ማን ምን አለሽ? እናቴ ናት?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«እንቁራሪት» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየሁት ነው። ሲጨርስ ግን ዞር ብሎ «አብሽሪ፣ ይመጣልሻል» አለኝ።

ቆዳ ሊገዛ ኮምቦልቻ ወርዶ ሲመለስ ከረጢት አንጠልጥሎ መጣ። ፈታው። ከውስጡ ሁለት ጭብጥ የሚያህል፣ ቆዳው ደረቅና ጎርባጣ የሆነ ነገር ወጥቶ እንደ ሹም ዝም ብሎ አየን።

«ይሄኮ ጓጉንቸር ነው» አልኩት።

«ያው አይደሉም እንዴ?»

«በቅሎና ፍየል ያው ናቸው?»

ተቀምጬ አስረዳሁት። ጓጉንቸር ምድር ለምድር የሚሄድ ነው። ሌላም አለ፤ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ መስመር ያለው፣ እግረ ረጅም፤ እሱ ቤት ካስገቡት ሲዘል ራሱን ከግድግዳ ያላትማል። የእኔዎቹ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክሉ ነው። እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ ናቸው። ጣታቸው ጫፍ ላይ ጤፍ የምታህል ክብ ነገር ስላለች ቀጥ ባለ ቄጠማ ላይ ይለጠፋሉ። ወንዱ ሲጮኽ ጉሮሮው ከራሱ ይበልጣል። ሰይድ ሁሉንም ሰምቶ «እኔ ከኮርቻ በቀር አልችልም፣ ራስሽ ምረጪ» አለኝ።

ይህን ስናወራ ጓጉንቸሩ በሩን አልፎ አማቴ ከሚሰግዱበት ቆዳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከአማቴ ጋር የነበረኝ ነገር የተበላሸው ያን ዕለት ነው።

እናቴን ለመጠየቅ ኮምቦልቻ ስሄድ ራሴ መረጥኩ። ጠዋት ጠዋት እግራቸውን ሰብስበው ቄጠማ ላይ ተለጥፈው ስለሚተኙ መያዙ ቀላል ነው። ጥቂቱን እርጥብ ሣር በጠቀጠቅሁበት ቅል ውስጥ ጨምሬ፣ ክዳኑን በወስፌ በሳሳሁና ካሚዮን ላይ ከእህል ጆንያ መሃል ቁጭ ብዬ በብብቴ ይዣቸው ወጣሁ።

ቤት አፉ የተሸረፈ ገንቦ ነበር። አፈር አደረግሁበት፣ ቄጠማ ከነሥሩ ተከልሁበት፣ ውሃ ጨመርሁበትና በአሮጌ ወንፊት ከደንኩት። ፀሐይ ስትወጣ ደጅ አወጣዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ምድጃው አጠገብ አስጠጋዋለሁ። ዝንብ ከሰይድ ሱቅ ይመጣል፤ ቆዳ ባለበት ዝንብ አይጠፋም። ታዲያ የሞተ ዝንብ አያዩም፣ የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት። ባሌ ዝንብ በሕይወቱ መያዝ እስኪለምድ ሱቁ ውስጥ ብዙ ተስቆበታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እነሱ አንድ ቀን አልጮኹም። ዝም አሉ።

አማቴ እመት ዘይነባ ይባላሉ። ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ነበሩ። ገንቦውን ባዩ ቁጥር ይጸየፋሉ። ኪንታሮት ያመጣል አሉ። ወተቱን አበላሸው አሉ። መጨረሻ ላይ ተነስተው የሰፈራችንን ሼህ ሊጠይቁ ሄዱ። ሼሁም እንቁራሪትን መግደል እንደማይገባ፣ ድምጿ ተስቢህ፣ አላህን ማመስገኛዋ እንደሆነ ነገሯቸው።

ተመልሰው መጡና «እነዚህማ ተስቢህም አያደርጉ፣ ዲዳ ናቸው» አሉ። ቀጠሉና «መግደል የለም ተብሏል፤ አልገድልም። ግን አንቺ ልጅ፣ እኔ ጓጉንቸር ከሚያረባ ሰው ጋር መኖር አልችልም። ወይ አውጫቸው፣ ወይ ይዘሻቸው ወደ እናትሽ ተመለሺ» አሉኝ።

«እናቴ፣ ጓጉንቸር አይደሉም» አልኩ።

«ለእኔ ሁሉም ጓጉንቸር ነው» አሉ።

ሰይድ ከእናቱም ከእኔም ሸሽቶ ሱቁ ውስጥ መዋል አበዛ። እኔም የምመለስበትን ልብስ በልቤ ማጠፍ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል የጣሊያን የጤና ተቆጣጣሪ ከአስተርጓሚ ጋር ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ትንኝ ይራባል በሚል የቆመ ውሃ ያለበትን ዕቃ ይሰብራል፣ ባለቤቱንም ያስራል ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጋኑን ደፋ። እኔ ገንቦዬን ከበሩ ኋላ ሸሸግሁት።

መጣ። ወፍራም፣ ፊቱ የቀላ ሰው ነው። ጓዳውን አየ፣ ግቢውን አየ፣ ከዚያ በሩን ገፋ ሲያደርግ ገንቦው ብቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ብድግ አደረገውና ወንፊቱን አነሳ። ወዲያው አንዷ ዘላ እጅጌው ላይ ተለጠፈች።

ሰውየው እጅጌውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲያያት ቆየና ሳቀ። በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አፍሮ መሬት መሬት አየ።

«ምን አለ?» አሉ አማቴ።

«በአገሬ ይህን ጠብሰን እንበላዋለን ነው የሚለው፣ እናቴ።»

«ይህን?»

«ይህን። በተለይ እግሩን ይወዱታል አሉ።»

አማቴ «አስተግፊሩላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ሄደው ገንቦውን ከሰውየው እጅ ወሰዱት። አልለመኑም፣ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ከጣሊያን እጅ ዕቃ የሚቀማ አሮጊት አይቼ አላውቅም።

«ንገረው» አሉ አስተርጓሚውን። «እነዚህ የምራቴ ናቸው። ከአባቷ ቤት ይዛ ያመጣቻቸው ናቸው። እኔ ቤት የምራቴ ነገር አይበላም።»

አስተርጓሚው መናገር ጀመረ። አማቴ ካሉት በጣም ረዘመ። ምን እንደጨመረበት አላህ ይወቀው። ተቆጣጣሪው አፍንጫውን አከከ፣ አማቴን አየ፣ ገንቦውን አየ። ከዚያ እጅጌው ላይ ያለችውን በሁለት ጣቱ በጥንቃቄ አንስቶ ገንቦው ውስጥ መለሳትና አጭር ነገር ተናገረ።

«ይቺማ ለአንድ ጥርስ አትበቃም ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ደግሞ ትንኝ የምትበላ እሷ ናትና ገንቦው ይቆይ ይላል።»

ይህን ያለው ጣሊያኑ ይሁን፣ አስተርጓሚው ከራሱ ይፍጠረው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሲሄዱ አማቴ ገንቦውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጡና እጃቸውን ታጠቡ። እኔን ሳያዩኝ «ዝንብ በልተዋል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ወሬውን ሳይሰማ አይወጣም። አንዲት ጎረቤት «ያ ጓጉንቸራችሁ» ብትል አማቴ ተቆጥተው «ጓጉንቸር ሌላ ነው፣ ይቺ ጣቷን አታይም?» ብለው ገንቦው ላይ አጎነበሷት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሞቅ ያለ የከሰዓት ዝናብ ጣለ። አማቴ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ከገንቦው ዶቃ ሳህን ላይ ሲንጠባጠብ የሚመስል ድምፅ ወጣ። እንዝርታቸውን አስቀመጡ። አንዱ ሲጀምር ሌላው ተቀበለው። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

«ያጣሽው ይሄን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ያስለቅሳል» አሉ። መስማቱ ይሁን ማጣቱ አልጠየቅኋቸውም።

ጥቅምት ሲገባ ግን የደሴ ውርጭ መጣ። እንቁራሪቶቹ መብላት ተዉ፣ አረንጓዴያቸው ዐመድ መሰለ። እኔ ምድጃ ለምድጃ ሳንከራትታቸው አማቴ «ይብቃ፣ ቆላ የለመደ ነፍስ ነው፤ አገሩ ይግባ» ብለው ፈረዱ። ካሚዮን ላይ ወጥተው የማያውቁት ሴትዮ ገንቦውን በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ታቅፈው ወጡ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዓይናቸውን ጨፍነው ዱአ ያደርጋሉ። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ጋቢውን ገለጥ አድርገው «ደህና ናችሁ?» ይላሉ። እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁኝም።

ቦርከና ዳር ገንቦውን ጋደም አደረጉት። እንቁራሪቶቹ ፀሐዩን እስኪሞቁ ቆዩና አንድ በአንድ ወጥተው ቄጠማው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀሉ።

«የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አሉ አማቴ።

«አሁንማ አይለዩም።»

ይህ አላስደሰታቸውም። ቆመው ሲፈልጓቸው እናቴ መምጣታችንን ሰምታ ከቤት እየሮጠች ደረሰች። እኔን ከአማቴ ጋር፣ መሬት ላይ ደግሞ ዕቃ ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«እመት ዘይነባ፣ ልጄ ምን አጠፋች? ልትመልሷት ነው?» አለች።

አማቴ ቀና አሉ። «የመለስኩት እነሱን ነው» አሉ ወደ ቄጠማው እያሳዩ። «እሷን አልሰጥሽም።»

አማቴ ከጣሊያን መውጣት በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው ያረፉት። ያን ቀን ገንቦውን የነጠቁት ለእንቁራሪቶቹ ብለው ይመስለኝ ነበር። ለእኔ መሆኑ የገባኝ ራሴ ምራት ከገባችልኝ በኋላ ነው፤ ያኔም ቆጨኝ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን አላመሰገንኳቸውም።

ዛሬ ሴቶች ተሰብስበው አማት ማማት ሲጀምሩ እኔ ዝም እላለሁ። ወሬ አጥቼ አይደለም፤ አንዴ ከጀመርኩ ሳቄ ያሸንፈኛል፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ዕንባው ይመጣል።