የኤረር በሩ ሾላ በየት በኩል ነበር

ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ የሚጽፍ ይጽፋል። ስህተት ከተገኘበት የጸሐፊው ነው፣ እኔን ምን ቸገረኝ።

ያኔ ሰፈሩ «ሙሽራዋ» ይለኛል። ካገባሁ ሰንብቻለሁ፣ ሙሽርነቱ ድሮ አልፎብኛል፤ ግን ልጅ እስኪመጣ ድረስ ስም የሚቀይርልኝ አልነበረም። የባሌ ቤት በኤረር በር ወደ ጀጎል፣ ወደ ከተማው ግንብ ውስጥ ሲገባ በስተቀኝ ነው። የምንኖረው ከአማቴ ጋር ነው። አማቴ የዋዛ ሴት አይደሉም፤ በጾም ቀን ድመቷ አይጥ ስትይዝ ካዩ እንኳ ይቆጣሉ።

ከግንባችን ወዲያ ደግሞ ጓደኛዬ ትኖራለች። የሐረሪ ሴት ናት፣ ሞሰብ ሰፊ፣ ምላሷ ከወስፌዋ የሚብስ። አሮጊት እናቷን የምታስታምም እሷ ናት። አንድ ቀን በግንቡ ላይ ብቅ አለችና፣

«አቦ፣ እናቴ ልታሳብደኝ ነው» አለች።

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«ስለት አለብኝ ትላለች። ሳላደርስ ብሞት አላህ ፊት ምን እላለሁ ብላ እህል አልቀምስ አለች። ወላሂ፣ ሰውነቷ አልቆ ነጠላ አክላለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቲቱ በወጣትነታቸው ልጅ አጥተው ሲጨነቁ፣ ከኤረር በር ገባ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር፤ ሥሩ አንድ ደግ ሼህ ያረፉበት ነው ይባላል። እዚያ ቆመው «ልጅ ከሰጠኸኝ እዚሁ ሥሩ አንድ ማሰሮ ወተት አፈሳለሁ» ብለው ተሳሉ። ተሰጣቸው፤ ያቺ ምላሰኛ ተወለደች። ገና አራስ ሳሉ ግን የኛ የክርስቲያኖቹ አባቶች በጦር መጥተው ከተማዋን ያዙ። ባልየው ፈርቶ ሚስትና ልጁን ይዞ ወደ እርሻው ወረደ። ባል ሞቶ ሲመለሱ ሾላው የለ፣ አጥሩ ሌላ፣ ቤቱ ሌላ። ቦታው ጠፋባቸው።

«እንግዲያው አንቺ በዱቤ የተወለድሽ ነሽ» አልኳት።

«ሳቂ፣ ሳቂ! እናቴ እኔን ባየች ቁጥር ስለቱ ትዝ ይላታል። ፊቴን ሸፍኜ ልኑር?»

«ለውበትሽም ይሻል ነበር።»

በእጇ ያለውን ሰንበሌጥ ወረወረችብኝ።

ሽማግሌ አልጠየቁም እንዳትሉ፤ ጠይቀዋል። አንዱ «ከላይ ወደ ጊደር መጋላ፣ ወደ ትልቁ ገበያ ጠጋ ብሎ ነበር» ይላል። ሌላው «ሾላ አልነበረም፣ ዋንዛ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጫቱን ጉንጩ ሞልቶ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ያሳያል።

እኔ በዚያን ጊዜ ለአንድ አርመን ፎቶ አንሺ እንቁላል እሸጥ ነበር። ለመብላት ይግዛው ወይ ነጩን ለሥዕል ወረቀቱ ይቀባው፣ አሁንም አላውቅም። ይህ ሰው አገራችንን ለቆ ከሄደ ፈረንጅ ላይ የድሮ የመስታወት ሥዕሎች ገዝቶ፣ እያጠበ ወረቀት ላይ ያወጣቸዋል። እንደ ልብስ ገመድ ላይ ያሰጣቸዋል። አንድ ጠዋት እንቁላሌን ይዤ ስገባ፣ ገመዱ ላይ ትልቅ ዛፍ ተሰቅሏል።

«ይሄ የት ነው?»

«ኤረር በር ነው አሉኝ። ፈረንጁ በሩን ጀርባው አድርጎ፣ ወደ ውስጥ ያነሳው ነው።»

ቅርጫቴ ከእጄ ሊወድቅ! ሥዕሉን ትኩር ብላችሁ ብታዩትም ሰፈሩን አትለዩት። ዛሬ ሱቅ የተደረደረበት ላይ ግመሎች ተኝተዋል። ቀና ያለው መንገድ እየወጣ ይሄዳል፣ በግራ ሾላው ተንሰራፍቷል፣ በቀኝ ደግሞ የአህያ መቆሚያ ነው። በቀኝ፣ የኛ ቤት ዛሬ ባለበት! ለምኜው ሥዕሉን ተውሼ በረርኩ።

ባሌን በር ላይ አገኘሁት። «ቤትህ ድሮ የአህያ መቆሚያ ነበር» አልኩት። «ሌሊት ለምን እንደምትራገጥ ዛሬ ገባኝ።»

ከዚያ ለጓደኛዬ አሳየኋት። በግራ በኩል ዛሬ ያለው የቀረጥ ዘበኛው ቤት ነው። ሾላው የነበረው እዚያ ነው ማለት ነው፤ ምን ይጠየቃል! ወዲያው ወተት ተገዛ፣ እናቲቱን በሁለት በኩል ደግፈን ወረድን። ሥዕል አይተው ሳይሆን «ተገኘ» ስንላቸው ብቻ ነው የተነሱት፤ ያ ሁሉ ድካም የት እንደገባ እንጃ፣ እኛን ሊቀድሙን ደረሱ።

ዘበኛው ከገጠር የመጡትን እያስቆመ ጭነት ይፈትሻል። እኛ ከግድግዳው ሥር ወተቱን ስናፈስ ዞሮ አየን።

«እናንተ! ቤቴ ላይ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እየመረቅንልዎ ነው» አልኩት።

«ማን መርቁኝ አላችሁ?»

«ማንም። ለዚህ አይቀረጥም አይደል?»

የሰፈሩ ድመት ሁሉ ተሰበሰበበት፤ ዘበኛው በዱላ ሲያባርር ድመቶቹ በእግሩ መሃል ሲሹለከለኩ፣ እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነጠላዬን ነከስኩ። ዘወር ስል ግን እናቲቱ አይስቁም። መሬቱን በእግራቸው ይዳብሳሉ።

«እዚህ አይደለም» አሉ።

«እማማ፣ ሥዕሉ እኮ አለ።»

«ልጄ፣ ያን ቀን ያለቀስኩበትን ቦታ እግሬ ይረሳዋል? አይደለም።» ከዚያ እንባቸው መጣ። ወተቱን ድመት ጨረሰው፤ ስለቱ እንዳለ ቀረ። እናቲቱ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጓደኛዬ ያን ቀን አንድ ስድብ እንኳ አልሰደበችኝም፤ ያኔ ነው የፈራሁ።

በማግስቱ ላጽናናቸው ብዬ ሥዕሉን ይዤ ገባሁ። ከመደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «እስቲ ይዩት፣ የርስዎ ዘመን ሰው እንዴት ያምራል» አልኳቸው። በግድ ዞሩ። በሥዕሉ ላይ ከሾላው ፊት ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላም ይባባላሉ፤ አንዲት ሴት ለገበያተኛ ማሽላ በቅል ትሰፍራለች። እናቲቱ አዩ፣ አዩና ቀና አሉ።

«አስተግፊሩላህ! በግራ እጅ?»

«ምን?»

«ሽማግሌ በግራ እጅ ሰላም ይላል? ሴትየዋም በግራ እጇ ትሰፍራለች! ማነው እንዲህ ያዋረደን? በኛ ዘመን እንዲህ ያለ ባለጌ አልነበረም!»

ጓደኛዬ «እማ፣ ምናልባት በናንተ ዘመን እንዲህ ነበር፣ ረስተሽው ነው» ብትል፣ ሟች መስለው የተኙት ሴት ተነስተው ተቀመጡ። «ወላሂ ይሄ ሥዕል ውሸታም ነው! ውሰጂው! የሠራውን ሰው እናትህ ምን ብላ አሳደገችህ በይልኝ!»

ሄድኩ፣ እንዳሉትም ነገርኩት። አርመኑ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መስታወቱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና ግንባሩን መታ። ሲያጥበው መስታወቱን ገልብጦት ኖሯል! ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ወጥቷል። እኔ ሰውየውን ከመሳደብ ይልቅ ልስመው ቃጣኝ፤ ባል አለኝ ብዬ ተውኩት። ደግሞ አጠበው። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሆኑ፣ አህዮቹ ወደ ዘበኛው ቤት ሄዱ፣ ሾላው...

ሾላው እኛ ግቢ ገባ። በትክክል ከዶሮ ቤታችን ላይ።

አሁን እንግዲህ አማቴን የሚጠይቅ ወንድ አምጡ! ባሌ «ራስሽ የጀመርሽው ነው፤ አህያ ምን ያውቃል» ብሎኝ ወጣ። ቂም ይይዛል እሱ።

አማቴ ገብስ እየለቀሙ ነው። ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ።

«የእስላም ስለት? በኔ ግቢ?»

«እሜቴ፣ ሴትዮዋ እያለቁ ነው። እህል አይቀምሱም።»

«ዶሮዎቼስ?»

«ለዛሬ ብቻ ይወጣሉ።»

ሥዕሉን አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ለምን ነበር የተሳለችው አልሽኝ?»

«ልጅ አጥተው።»

«አገኘች?»

«ያቺን ሞሰብ ሰፊዋን።»

አማቴ ሆዴን አዩ፣ የዶሮ ቤቱን አዩ። «ይግቡ» አሉ። «መቼ ነው?»

«አርብ ይሻላል ብለዋል።»

«አርብ? አብደሻል? በጾም ቀን ግቢዬ ውስጥ ወተት ይፈስሳል?»

እኔ በግንቡ ወዲያና ወዲህ መልእክተኛ ሆንኩ። ጓደኛዬ «ሐሙስም ደግ ቀን ነው፣ እኛ ሐሙስን እናከብራለን» አለች። አማቴ «ሐሙስ ፍስክ ነው» አሉ። ሁለት ሃይማኖት እንዲህ ቶሎ ሲስማማ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ዶሮዎቹን አስወጥተን ቤታቸውን አነሳን። እናቲቱ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ በእግራቸው ሲዳብሱ ከአፈሩ ሥር ጉጥ ነገር ነካቸው። ቧጠጥነው። የሾላ ሥር ነው፣ ክንዴን የሚያክል። አሮጊቷ እላዩ ላይ ተንበረከኩ። ወተቱን እስከ መጨረሻ ጠብታው ሥሩ ላይ አፈሰሱ። ሲጨርሱ ልጃቸውን ጠርተው ጉንጯን ያዙ፣

«አሁን የራሴ ነሽ» አሉ።

ያቺ ምላሰኛ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ «ይኸው ዱቤው አለቀ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሳደብሽ በራስሽ ነው» ልላት ነበር፤ ትቼው በነጠላዬ ጫፍ ዓይኗን ጠረግሁላት።

አማቴ ከኋላዬ ክንዴን ጎተቱኝ። «ጠይቂያት» አሉ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ክርስቲያንም ቢሳል ይሰማል ወይ በያት። ለአንዲት ሰው ነው በያት። ስም አትጥሪ።»

እናቲቱ ጆሮአቸው ለጉድ ነው፤ ሰምተዋል። ከተንበረከኩበት ሳይነሱ ወደኛ ዞሩ፣ ሰንብቶ ሰንብቶ ያን ቀን ጥርሳቸውን አየሁት።

«ጌታ ቋንቋ ይመርጣል እንዴ፣ ይሰማል እንጂ!» አሉ። «ለዚያች ሰው ግን ንገሯት፤ ሲሰጣት ወተቷን ይዛ በማግስቱ ትምጣ። ያለዚያ ሾላ ስትፈልግ እንደኔ ታረጃለች።»

አማቴም የኔን መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ትልቁን የወተት ማሰሮ ሲያጥቡ ሰማኋቸው።