የአሥራ አራት ቁጥር ቫልቭ ካርድ

ዙሩን ሳይቆጥር ቫልቭ የሚዘጋ ቴክኒሽያን ከየሺሐረግ ጋር ውሎ አያውቅም ማለት ነው። በቁጥር ሰባት የውሃ መስመር ጥገና ጽሕፈት ቤት ሃያ ሦስት ዓመት ስትሠራ፣ አዲስ የገባን ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው አንድ ነገር ነበር። ከካርቶን መዳፍ የምታህል ካርድ ትቆርጣለህ። የቫልቩን ቁጥር፣ ማን እንዳዘዘህ፣ ስንት ሰዓት እንደዘጋህ፣ ስንት ዙር እንዳዞርክ በእርሳስ ትጽፋለህ፤ እስክሪብቶን እርጥበት ያጠፋዋል። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለህ በሽቦ ከቫልቩ አንገት ላይ ታስራለህ። ሽቦውን ሁለቴ ጠምዝዘህ ጫፉን ወደ ውስጥ ታጥፈዋለህ፣ በኋላ የሚመጣውን ሰው እጅ እንዳይወጋ። ሲከፈት የተከፈተበት ሰዓት በጀርባው ይጻፍና ካርዱ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ይቆያል።

"ነገ የሚከፍተው ሰው አንተ ላትሆን ትችላለህ" ትላለች። "አንተን ፍለጋ አቃቂን ሲዞር አይዋል።"

የአቃቂ ልጅ ናት። አባቷ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የእንፋሎት ቧንቧ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሷም ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ቧንቧ ሥራ ተማረች። አሥራ ስድስት ዓመት በቦቲ ጫማ ጉድጓድ ውስጥ ቆየች። ከዚያ ቡድን መሪ አደረጓት፤ እነሆ ሰባት ዓመቷ።

አምና ሕንፃው ለእድሳት ሲለቀቅ ሠራተኛው ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ወደተከራየ አንድ ፎቅ ተዛወረ። ለእሷ ቡድን አራት ጠረጴዛ ደረሰው። ሰዎቹ ሰባት ናቸው። ወዲያው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ ሥራው በኮምፒውተርና በስልክ የሆነ ሠራተኛ በሳምንት ሦስት ቀን ከቤቱ፣ ሁለት ቀን ከቢሮ ይሥራ፤ የመስክ ሠራተኛ በመስክ ይዋል። ቤት፣ ቢሮና መስክ የተበተነውን ሰው እንዴት አድርጎ መምራት እንደሚቻል ግን ደብዳቤው አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም።

የሺሐረግ ነገሩን እንደ መስመር አየችው፤ የት ይገባል፣ የት ይወጣል፣ የት ያፈሳል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፋ ቤት ያለውን በሰማያዊ፣ መስክ ያለውን በቀይ ጻፈች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በቴሌግራም ግሩፑ ድምፁን ያሰማል፤ የት እንዳለ፣ ዛሬ ምን እንደያዘ። የቅሬታ ስልክ የምትቀበለው ሰልዋ አራስ ስለነበረች፣ ኮምፒውተሯን ራሷ የሺሐረግ በባጃጅ ጭና፣ ስክሪኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሳሪስ ቤቷ ድረስ አደረሰችላት። ገመዱንም ሰካክታ ሄደች።

ለነቢዩማ ከዚህም በላይ ሆናለታለች። ነቢዩ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ መሐንዲስ፣ የመስመሩ ካርታ በኮምፒውተሩ ያለ ልጅ። እናቱ ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ሥራ ሲያዘገይ ኃላፊው አቶ ካሳሁን በቃ ብለው ነበር።

"በየቀኑ ቢሮ ይግባ። ቤት ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሠራ ማን ያየዋል?" አሏት።

"እኔ አየዋለሁ።"

"በቃል አይሆንም የሺ። ጻፊልኝ።"

ጻፈች። "ባልደረባዬ ከቤት ሆኖ ለሚሠራው ሥራ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብላ ፈረመች። መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጠው፣ ማህተም አረፈበት። ነቢዩ የዚያን ቀን ግንባሯን ሳማት።

ካርዱን ያስቀረባትም እሱ ነው። "እትዬ የሺ፣ ይሄ ካርቶን ሙዚየም ይግባ" አለ፣ ከሦስት ወር በፊት ሁሉም ቢሮ የተገናኙበት ቀን። "ቮይስ እያለ! ሰዓቱ አለ፣ የተናጋሪው ድምፅ አለ። ቤት ያለ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ካርቶን በምኑ ያነበዋል?"

ሳቁባት። እሷም ሳቀች። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ከቤት የሚሠራው እኩል ማወቅ አለበት። ከዛሬ ጀምሮ ትዕዛዝ በቮይስ ይሁን አለች። የቧንቧ ሠራተኛው ቀናው ብቻ አጉረመረመ። አሥር ዓመት በኮንትራት የሠራ፣ ሥራውን ከእሷ የተማረ ሰው ነው።

"እጄ ለምዶታል አለቃ። እኔ ማሰሬን አልተውም።"

"እሰር፣ ማን ከለከለህ?"

በመጋቢት ወር በአንዱ ማክሰኞ፣ የሺሐረግ ዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ የሚያስጠፋ ስብሰባ ላይ ሳለች፣ ወደ ቂሊንጦ በሚወስደው መንገድ ዳር ቱቦ ፈነዳ። ቀናው ደርሶ በግሩፑ ጠየቀ፤ የትኛውን ልዝጋ? ነቢዩ በቮይስ መለሰ። "አሥራ አራትን ዝጋ።" ካርታውን ቢከፍት አሥራ ሰባት እንደሚበቃ ያይ ነበር፤ አሥራ ሰባት የዚያች ቅርንጫፍ ብቻ ነው። አሥራ አራት ግን ዋናው ላይ ያለ ነው፤ እሱ ሲዘጋ ጤና ጣቢያውም አብሮ ይደርቃል። መጋጠሚያው ዕቃ ግምጃ ቤት ስላልተገኘ ጥገናው ተጓተተ። ከሰዓት ሰልዋ ጤና ጣቢያው ውሃ የለኝም ማለቱን በግሩፑ አስተላለፈች። ነቢዩ አሁንም በቮይስ፦ "እነሱ በዚህ መስመር ላይ የሉም። የራሳቸውን ታንከር ይፈትሹ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሺሐረግ ስልኳን ከፍታ ቮይሶቹን ስትሰማ ታክሲ ውስጥ ነበረች። አሥራ አራት የሚለውን እንደሰማች ተነስታ ልትቆም ምንም አልቀራትም፤ ጎኗ ያለው ሰው "ወራጅ ነሽ እንዴ?" አላት። ቀናው ጋ ደወለች። አሥራ ሰባትን አስዘግታ አሥራ አራትን አስከፈተችው። ጤና ጣቢያው ለስምንት ሰዓት ያህል ውሃ አልባ ዋለ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት እናቶች በጄሪካን በተቀዳ ውሃ ወለዱ። ሰው አልሞተም፤ የእግዜር ነው።

ከዚያ ነቢዩ ጋ ደወለች። በቮይሱ ውስጥ፣ ከድምፁ ኋላ፣ ሲሚንቶ ማቡኪያ ሲያጓራ ሰምታለች።

"ነቢዩ፣ ቤት ነው የዋልከው?"

"ቤት ነኝ እትዬ። ጎረቤት እየገነቡ ነው፣ ሊያደነቁሩን ነው።"

እናቱን ልትጠይቅ አራት ጊዜ ሄዳለች። ከመኝታቸው ግድግዳ ወዲያ ያለው የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ እሱ ራሱ ቢሮ መጣ፣ ዓይኑ ቀልቶ። ሁሉንም ነገራት፤ ቂሊንጦ ለአንድ ሥራ ተቋራጭ በግል ተቆጣጣሪ ሆኖ መሥራት ከያዘ ሁለት ወሩ ነው። ካርታውን ሳይከፍት ከጭንቅላቱ ነው የመለሰው።

"ለእናቴ መድኃኒት ብዬ ነው" አለ። "ዓርብ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል ብለዋል። አንቺ እንዳትናገሪ፤ እኔው ራሴ እናገራለሁ። ራሴ ስናገር ይቀልልኛል፣ አይደል?"

"ይቀልልሃል።"

"እናቴ ትሙት፣ አንቺን አላስነካሽም።"

ሐሙስን በትዕግሥት ዋለች። ዓርብ ጠዋት፣ ሰዓቶቹን በወረቀት ልትገለብጥ ግሩፑን ከፈተች። የቀናው ጥያቄ አለ። የሰልዋ መልእክት አለ። የነቢዩ ሁለት ቮይሶች የሉም። ቴሌግራም ላይ ላኪው ሲሰርዝ ከሁሉም ስልክ ነው የሚጠፋው፤ በቦታቸው ጠፋ የሚል ምልክት እንኳ የለም። ወደ ላይ ወደ ታች ደጋግማ ገፋችው። ስልኩን አጥፍታ አበራችው። ቀናው ጠይቆ ማንም ሳይመልስለት ቫልቭ የዘጋ ይመስላል።

አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ላፕቶፕ ተከፍቶ ቤት ያሉት በእሱ ገቡ። ቀናው በአካል መጥቶ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። አቶ ካሳሁን አሥራ ሁለት ዓመት አንቺ ሲሏት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"ወይዘሮ የሺሐረግ፣ እርስዎ ይጀምሩ" አሉ።

እርስዎ ስትባል የሆነ ነገር ገባት። ቢሆንም ቃል ቃል ነው ብላ፣ "ነቢዩ የሚለው አለው፤ እሱ ይቅደም" አለች።

ነቢዩ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ከኋላው የእናቱ መጋረጃ ይታያል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

"እኔ የካርታ ባለሙያ ነኝ። ቫልቭ ማዘዝ የቡድን መሪ ሥልጣን ነው። የዚያን ቀን ትዕዛዙ ከቡድን መሪዋ በስልክ እንደተሰጠ ነው የማውቀው።"

"ስልኬ ጠፍቶ ነበር!" አለች። "በቮይስ ያዘዝከው አንተ ነህ፤ ሁሉም ሰምቷል። ሰልዋ፣ አልሰማሽም?"

የሰልዋ ስም ጎን ላይ የተሰረዘ ማይክ ይታያል። አቶ ካሳሁን "ማይክሽን ክፈቺ" አሏት። ተከፈተ፤ የሕፃን ልቅሶ ገባ።

"እኔ… ቅሬታውን አስተላልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ልጁን ሳጠባ ነበር፣ አልሰማሁም።" ማይኩ መልሶ ተዘጋ።

የሌሎቹም ማይክ እንደተዘጋ ቆየ። አንዱ "ኔትወርክ አስቸገረኝ" ብሎ ጻፈና ወጣ።

"ቀናው፣ አንተስ?" አለች።

ቀናው ሄልሜቱን አገላበጠው። "ጫጫታ ነበር አለቃ። ድምፁ የማን እንደሆነ… አላስታውስም።"

"ማስረጃ በጽሑፍ አለዎት?" አሉ አቶ ካሳሁን። መልሷን ሳይጠብቁ ፋይሉን ገልጠው አንድ ወረቀት አወጡ። ከርቀት አወቀችው፤ ፊርማዋ ትልቅ ነው። "ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" የሚለውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ በጽሑፍ ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ከቢሮው ስትወጣ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ቀናው እጁ ለምዶታል። ያለ ካርድ ዘግቶ አያውቅም፤ ወሩ ደግሞ ገና አላለቀም። ባጃጅ ይዛ ወደ ቂሊንጦው መንገድ ወረደች። የጉድጓዱን ክዳን በራሷ ብረት ፈልቅቃ፣ የቢሮ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ስልኳን አብርታ አሥራ አራትን አየችው።

ሽቦው አለ። ሁለቴ ተጠምዝዟል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ልክ እሷ እንዳስተማረችው። ካርዱ ግን የለም። ካርዱን ያንጠለጠለው የሽቦው ዘለላ በፒንሳ ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት ጫፍ ገና ያበራል፣ ዝገት አልነካውም።

ቀናውን ምሳ ከሚበላበት አገኘችው። ከቫልቩ የፈታችውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

"ምን ጽፈህበት ነበር?"

"ያው… ያስተማርሽኝን። አሥራ አራት። ነቢዩ። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ሃያ ስድስት ዙር።"

"ስምህን ጠርቼ ስጠይቅህ ይሄ ትዝ አላለህም?"

"አለቃ፣ ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። የዘንድሮን የሥራ ግምገማ ነጥቤን የሚሞላው ነቢዩ ነው ተባልኩ። ቆረጥኩት።"

"ነቢዩ? መቼ ነው የተባልከው?"

"ረቡዕ ከሰዓት። አቶ ካሳሁን ናቸው የነገሩኝ። ተጠባባቂ ቡድን መሪ ይሆናል አሉ።"

ረቡዕ። ነቢዩ ዓይኑ ቀልቶ በእናቱ የማለላት ቀን። ኮሚቴው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው።

"ብይ እንጂ" አላት ቀናው። ሽቦውን አንስታ ወጣች።

ይግባኝ ጻፈች፤ የስልክ ኩባንያው የጥሪ ዝርዝር እንዲመጣም ጠየቀች። ይታያል ተባለች። እስኪታይ ግን ደብዳቤው ደረሳት፦ ከቡድን መሪነት ተነስተው በመስክ ቴክኒሽያንነት እንዲሠሩ፣ ግልባጭ ለነቢዩ፣ ለተጠባባቂ ቡድን መሪ። ጠረጴዛዋን ስታጸዳ ሰልዋ በግል "ይቅርታ እትዬ፣ ቤት መሥራቴን ያስቀሩብኛል ብዬ ነው" ብላ ጻፈችላት። አንብባው መልስ አልሰጠችም። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ግን አልነቀለችም፤ ለሥራው ያስፈልጋል።

ሰኞ ቦቲ ጫማዋን አጠለቀች። ከሰባት ዓመት በኋላም ልኳ ነው። ከባዶ የዘይት ካርቶን ሃያ ካርድ ቆረጠች። ሦስት ሰዓት ላይ አቃቂ ድልድዩ አካባቢ ቱቦ አፈሰሰና ከቀናው ጋር ተላኩ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ የቫልቩን ቁልፍ ሰካች፣ እጀታውን ያዘች፣ ጠበቀች። ስልኳ ጮኸ፤ ቮይስ ነው። "እትዬ የሺ፣ እንደምን አደርሽ፣ ዘጠኝ ቁጥርን ዝጊልኝ።"

"በጽሑፍ" ብላ ጻፈችለት።

ደወለ። "እትዬ፣ ውሃው መንገዱን እየሞላው አይደል እንዴ? አሁን ለዚህ ጊዜ አለን?"

"ቁልፉ ተሰክቷል፣ እጄ እጀታው ላይ ነው። ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ስምህን ጻፍ። እኔን እያነጋገርክ ጽፈህ ትጨርሰው ነበር።"

"አላመንሽኝም ማለት ነው?"

"ነቢዩ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው።"

ዘጋ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ቀናው የሚፈሰውን ውሃ ያያል፣ እሷ ስልኩን ታያለች። ከዚያ መጣ፦ ዘጠኝ ቁጥር ቫልቭ ይዘጋ፣ 3:22፣ ነቢዩ። መልእክቱን በፎቶ አነሳችውና እያንዳንዱን ዙር ጮክ ብላ እየቆጠረች ዘጋች። አሥራ ስምንት። ካርዱን በእርሳስ ሞላች፣ በላስቲክ ጠቀለለች፣ ሽቦውን ሁለቴ ጠመዘዘች።

ቀናው ከላይ ጎንበስ ብሎ ፒንሳውን ዘረጋላት። "እንኪ አለቃ።"

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከራሷ ኪስ የራሷን አወጣች፤ የሽቦውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈችና የካርዱን ፎቶ አንስታ ለግሩፑ ላከች።