ገብሱ የጠቆረበት ቦታ

ከተከራየሁት ቤት አጠገብ መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች የብረት ዘንጋቸው ድንጋይ ሲነካ «ቃጭ» ይላል፣ እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ ወደ ደጅ አያለሁ፤ ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ አጠገብ ባለው ቤታችን አንድ በጋ ሙሉ ይህንኑ ድምፅ እየሰማሁ እውል ነበርና።

የእናቴ አባት የደብራችን ገበዝ ነበሩ። ደብር ሳይቀር የሚዘረፍበት ግርግር ሲመጣ የቤተ ክርስቲያኑን የብር መስቀል ብቻቸውን ወስደው ቀበሩት፤ ቦታውን ለማንም ሳይናገሩም ድንገት ታመው አረፉ። አገር ሲረጋ መስቀሉ ተፈለገ፣ የሰውም ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

በበጋው ጎረቤቶቻችን ግቢያችንን በዘንግ እየወጉ፣ መሬቱን በእግራቸው እየመቱ ባዶ ድምፅ ያዳምጡ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተቆፈረ አፈር ውሃ ቶሎ ይጠጣል እያሉም በእንስራ ያፈሱበት ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ወደ ምንጭ ስንወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ፣ ልጆቻቸውንም ከእኔ አጠገብ ይጠሩ ነበር።

በበልግ ከከተማ አንድ ሰው ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ይዞ መጣ። ቤታችንን ዞሮ ዞሮ ምስማርና የተሰበረ ማረሻ አወጣና «ጠልቆ ከተቀበረ አይሰማውም» ብሎ ሄደ። የደብሩ አለቃ ግን እናቴን ለብቻዋ ጠርተው፣

«ልጄ፣ ተሽጦም ከሆነ ንገሪን» አሏት።

«አባቴ የቀበሩትን አልሸጥሁም። እርስዎም ያውቁኛል» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

ክረምቱ ገብቶ፣ ለዓመታት ጦም ያደረው የታችኛው ማሳችን ገብስ ሲያበቅል፣ እናቴ አረም እየነቀለች ሳለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ገብሱ ክብ ሠርቶ፣ ከሌላው ረዝሞና ጠቁሮ አየች። የተቆፈረ አፈር ውሃ ይጠጣል ያሉት ትዝ ብሎኝ ዶማ ላመጣ ስሮጥ እጄን ያዘችኝ።

«እኛ አንነካውም። እነሱው ይቆፍሩት።»

እናቴ ልካባቸው ካህናቱና ሽማግሌዎቹ መጥተው ቆፈሩ፤ ጉድጓዱ ደረታቸው ሲደርስ፣ በቆዳ የተጠቀለለው መስቀል ወጣ። አለቃው ተሳልመው አለቀሱ። ከኋላችን ግን አንዲት ጎረቤት «ድሮም ቦታውን ታውቅ ነበር» ስትል ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች፤ ዘወር ብላ አላየችም።

ያኔ ለጥየቃ ደጃችንን የሚረግጥ አልነበረም፤ ዛሬ አገር ቤት ስመለስ እነዚያው ሰዎች አገላብጠው ይስሙኛል፣ ለዝክርም ይጠሩናል። እኔ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እስቃለሁም። እናቴ «እግሬን ያመኛል» ብላ ትቀራለች፤ በየሰንበቱ ግን ዳገቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች።