ባዶውን ሳጥን የሞላሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ የትምህርት ማመልከቻ ቅጽ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንዱ ሳጥን ቀይ ሆኖ አላሳልፍ አላት። «አክስቴ፣ ይኼን አላውቀውም። ዝም ብዬ የሆነ ነገር ልጻፍበት?» አለችኝ። «እንዳትነኪው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ስልኳን ልትጥለው ምንም አልቀራት። በቅጽ የምትቆጣ አክስት ያለቻት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እኔም አፈርኩ፤ ምክንያት ግን ነበረኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ ጨርሼ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ተማሪ ስለሌለ አራት ጓደኛሞች እዚያ እንሰበሰባለን። ሰብሳቢያችን እንዳለ የሚባል ነው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገር ወንበር ላይ የማይረጋ ልጅ። «ሌላው ዓለም የድርሰቱን ሰዎች አንድ በአንድ መዝግቦ ጨርሷል፤ የእኛዎቹ ብቻ የሉም» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ማንም ከየትም ሆኖ የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው አንድ ትልቅ የመረጃ ቋት ነበር። እዚያ ታሪክ አይተረክም። የድርሰቱ ሰው ተከፋፍሎ በየሳጥኑ ይቀመጣል፤ ምንነት፣ ጾታ፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ ወንድም፣ አሟሟት። የተረት ጅብ ሳይቀር «ሥራ» የሚል ሳጥን ነበረው። ጅብ ምን ሥራ አለው ብለን ስንከራከር አንድ ቅዳሜ አልቆብናል።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ መድረቅ ጀምሯል፤ ከታች የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ በመስኮት ይገባል። እንዳለ ሐይቅ ዳር ወስዶ ዓሣ ለብለብ ሊጋብዘን ቃል ስለገባ ሆዴ ቸኩሏል። ለመመዝገብ የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። የኮሌጅ ጓደኞቻችን መድረክ ላይ ባሳዩት ድራማ ውስጥ ያለ፣ በውርስ ቀንቶ ወንድሙን ከጀልባ ገፍትሮ የሚገድል መንገሻ የሚባል ነጋዴ። ስሙ በእርግጥ መንገሻ አልነበረም፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ ቀይሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ።

«ምንነት» በሚለው ሳጥን ሥር «የልብ ወለድ ሰው» እና «ሰው» የሚሉ ምርጫዎች ተከታትለው ተቀምጠዋል። ቸኩዬ «ሰው» የሚለውን ነካሁ። ወዲያው ቅጹ የአባት ስም ጠየቀኝ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። በእኛ ድርሰት መንገሻ የተባለ ሰው መንገሻ ነው፤ አባቱን የሚጠይቅ የለም። በኑሮ ግን የአባት ስም የሌለውን ሰው ቀበሌም አያውቀውም። ቅጹ የጠየቀኝ እንደ ቀበሌ ነበር፤ እኔም እንደ ባለጉዳይ ታዘዝኩ። በመስኮት ስመለከት ከመንገዱ ማዶ «ሄራሞና ልጆቹ የእህል መደብር» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል። «ሄራሞ» ብዬ ሞላሁ፤ መኖሪያውን ሐዋሳ አልኩ፤ ወንጀሉንም ከድራማው ሞላሁና ወደ ዓሣችን ሄድን። እስከ አጥንቱ ጋጥኩት።

ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ተማሪዎቼ ከወጡ በኋላ አንድ ትልቅ ሰው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ።

«ደህና ዋልሽ ልጄ። ከማዶ ካለው እህል ቤት ነው የመጣሁት። መንገሻ እባላለሁ። መንገሻ ሄራሞ።»

ክው አልኩ። ያንን ማስታወቂያ በየቀኑ አየዋለሁ። «ልጆቹ» የተባሉት እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ግን የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ልጄን ሩትን ሽማግሌ ልከው ጠይቀውኝ ነበር» አሉ። «ነገሩ አልቆ ነበር። የሚያገባት ልጅ አጎት ስሜን ስልኩ ላይ ፈልጎ የሆነ ነገር አገኘና እንቆይ አሉን። እሁድ ሊያነጋግሩኝ ይመጣሉ። ልጆቼ እያነበቡ ይናደዳሉ እንጂ አይነግሩኝም። የኔ ዓይን ደክሟል። አንቺ ኮምፒውተር ታስተምሪያለሽና አንብቢልኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፍቼ አነበብኩላቸው። «መንገሻ ሄራሞ። ምንነት፣ ሰው። ሥራ፣ ነጋዴ። መኖሪያ፣ ሐዋሳ። ወንጀል፣ ወንድሙን ሐይቅ ውስጥ ገደለ።» የራሴን እጅ ሥራ ለባለቤቱ እያነበብኩ ነበር።

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። የተማሪ ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ነው ያየን?» አሉኝ።

«አቤት?»

«በቡሹሎ በኩል፣ ሐይቁ ላይ ነበር። ጀልባዋ ላይ እኔና ታናሼ ብቻ ነበርን። ስትገለበጥ እጄን ያዘኝ። ሁለታችንም ልንሰምጥ ሆነ። ፈራሁ። ጣቶቹን አስለቀቅኩት።» እጃቸውን እያዩ ነበር የሚናገሩት። «ለእናቴ አልደረስኩለትም አልኳት። ሠላሳ ዓመት ይኼን የምናውቀው እግዚአብሔርና እኔ ነን ብዬ ኖርኩ። ለካ ከዳር የቆመ ሰው ነበር።»

ወሬ ፈርቼ ነበር፤ ኑዛዜ እሰማለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። እሳቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ሁሉንም እናገራለሁ። ሰው ከሚያወራብኝ ራሴ ብናገረው ይሻላል። የጻፈውን ሰው ግን ፈልጊልኝ። እኔ ምንም አላደርገውም። ልጆቼ ግን እየፈለጉት ነው።»

የእግራቸው ድምፅ ከደረጃው ሲጠፋ ሮጬ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና መዝገቡን ሰረዝኩት። በማግስቱ ጠዋት ስከፍተው ተመልሶ ቁጭ ብሏል። በየትኛው አገር እንዳለ የማላውቀው ሰው «ያለ ምክንያት አይሰረዝ» ብሎ መልሶታል፤ ይባስ ብሎ «ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ» የሚል ጨምሮበታል። ክፋት አላሰበም፤ ሥራውን መሥራቱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እንዳለን ጠርቼው የመጀመሪያውን ሳጥን «የልብ ወለድ ሰው» ብለን አረምን፤ የአባቱን ስም አጠፋን፤ የድራማውን ርዕስ አያያዝንበት። ይኼኛው ጸና።

«በቃ፣ ዝም በይ» አለኝ እንዳለ። «ማን ያውቃል?»

ዝም ማለት እችል ነበር። የአቶ መንገሻ ሁለት ወንዶች ልጆች ኩንታል እንደ ትራስ ሲያነሡ በመስኮት ይታዩኛል። ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ማስተማር ጀመርኩ። በራችን ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ደረጃውን አያለሁ። ዱላውን መፍራቴን አልደብቅም፤ ደፋር ሆኜ አላውቅም። ከዱላው ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን እሁድ ነበር። እኚህ ሰው ያልነበረ ምስክር ፈርተው ራሳቸውን ሽማግሌ ፊት ሊያቆሙ ነው። የሩት ትዳር ሊፈርስ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ እኔ ለዓሣ ስለቸኮልኩ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱን ተሻገርኩ። ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ መሃል ላይ ግን ሁለቴ ቆምኩ። ልጆቻቸው በሩ ላይ ነበሩ። «አባታችሁን ፈልጌ ነው» ስል ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም። አቶ መንገሻ ከውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። የበቆሎው ብናኝ ጉሮሮ ይይዛል። ተንበርክኬ ይሁን ቆሜ አላስታውስም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ድራማውን፣ ቅጹን፣ ማስታወቂያውን።

«እኔ ነኝ ጋሼ። የድራማ ሰው ነው። የአባቱን ስም ከእርስዎ በር ላይ ወስጄ ነው።»

«ሐይቁስ?»

«ሐይቁም የድራማው ነው።»

ልጆቻቸውን እስኪጠሩ ጠበቅኩ።

«ታዲያ ያየን ሰው የለም ማለት ነው?»

«የለም ጋሼ። ማንም አላየም።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን መርዶ እንደተነገረው ሰው ፊት ሆነ። «ይኼን ሳምንት» አሉ፣ «ሰው አውቆብኛል ብዬ ሠላሳ ዓመት ያላገኘሁትን እንቅልፍ ተኝቼ ነበር።» ከዚያ እንባቸው ወረደ። ትልቁ ልጃቸው ከበሩ፣ «አባዬ፣ ሰላም ነው?» ብሎ ተጠጋ። አቶ መንገሻ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

«ሰላም ነው» አሉ። «ልጅቷ ስህተቱን አግኝታልኝ ነው።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ የታረመውን መዝገብ አዩ፤ የድራማውን ጽሑፍም ጓደኛዬ እንዳለ ወስዶ አሳያቸው። ይቅርታ ጠይቀው ነገሩን ጨረሱ። አቶ መንገሻ ስለ ወንድማቸው አልተናገሩም። ሩት በጥር ተዳረች፤ ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ከዘመድ ጋር ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሡልኝ ነበር። እኔም እጅ እነሣ ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ ቀን መንገድ ቀይሬ አምልጫቸዋለሁ።

አምና አረፉ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ወንድማቸው ከሞተ በኋላ እናታቸውን እንዴት አድርገው እንደጦሩ፣ ሐይቅ ዳር ድርሽ ብለው እንደማያውቁ፣ ኀዘኑ እንዴት እንደጎዳቸው ሲነገር ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ አንገቴን ደፍቼ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሩት አቀፈችኝና፣ «አባዬ በጣም ይወድሽ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሮን አያውቅም» አለችኝ። ልነግራት የምችል በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈራሁ፤ ጀርባዋን ዳበስኩና ወጣሁ።

ሰው ሲሞት ምስጢሩን ይዞ ይሄዳል ይባላል። አቶ መንገሻ ይዘውት አልሄዱም።