ከመምህር በዳሳ ኮምፒውተር የነቀልኩት ዲስክ

አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር ጥገና የጀመርኩ ዕለት ሥራዬ ብሎን መልቀም ነበር። አለቃዬ ጋሽ አበራ አንድ ካቻቢቴ ሰጡኝና "ዛሬ ምንም እንዳትነኪ፤ የሚወድቀውን ብቻ ልቀሚ" አሉኝ። በጥሩ ውጤት ተመርቄ የመጣሁ ሰው ነኝና አኮረፍኩ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጸሐፊ ማሽኗ አልነሳ ብሏት ልታለቅስ ደርሳ መጣች። ሜሞሪው ተበላሽቷል፤ መለዋወጫ ደግሞ የለንም። ጋሽ አበራ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የሌላ ደንበኛ ማሽን ፈቱና ሜሞሪውን ነቅለው ለሷ ሰኩላት።

"ጋሼ፣ ባለቤቱ ቢመጣስ?" አልኳቸው።

"ለጊዜው እኮ ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እተካለታለሁ።"

ተኩለትም። ሰውየው እስከ ዛሬ አያውቅም። በኛ ሙያ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበር የምንሠራው፤ "ለጊዜው" ካልን ስርቆት አይመስለንም። እኔም ያንን ተምሬ ነው በኋላ እዚያው አሰላ የራሴን ሱቅ የከፈትኩት።

መምህር በዳሳን ያወቅኳቸው እዚያ ሱቅ ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት ሮቤ ነው። ኮምፒውተራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ አድርገው አመጡት።

"አካም ጂርታ፣ ልጄ? ይህን ቫይረስ ጨርሶታል። ግን አደራ፣ ፎርማት እንዳታደርጊብኝ። ውስጡ ዝናብ አለ።"

"ምን አለ?"

"ዝናብ!" ብለው ሳቁ።

ግቢያቸው ውስጥ መለኪያ ተክለው፣ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዘነበውን ሲመዘግቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በደብተር የያዙትን በሁለት ጣት እየተየቡ ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸውም። ገብስ መቼ ቢዘራ ይሻላል የሚለውን የሚያጠኑ የግብርና ባለሙያዎች፣ ሲያልቅ ይስጡን ብለዋቸዋል። ስለዚህ ነገር ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር።

ወደድኳቸው። ሌላው ሁሉ ፎርማት ሲያደርግ፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሲጭን፣ እኔ አላደርግም ብዬም ጉራዬን ነዛሁ። የመጀመሪያውን ዲስክ እንዳለ ትቼ ሁለተኛ ዲስክ ጨመርኩላቸውና ሊኑክስ ጫንኩበት። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ የዊንዶውስ ቫይረስ የማያስቸግረው ሲስተም ነው። ማሽኑ ከሁለተኛው ዲስክ ይነሳል፤ ዝናቡ ግን በመጀመሪያው ዲስክ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ መምህር ከሊኑክስ ሆነው እየከፈቱ ይጽፉበታል።

ጭነቱ ሊያልቅ ሲል፣ ማሽኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያነበውን ማስነሻ የትኛው ዲስክ ላይ ላስቀምጥ የሚል ጥያቄ መጣ። ደንበኛ እያናገርኩ ነበር። ሳላነብ ኢንተር መታሁት። ችኩል ነኝ፤ እናቴም በዚሁ ነው የምትቆጣኝ። ማሽኑ በደንብ ተነሳ፤ መምህር እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ሲወጡ "ገልብጬ ስጨርስ ደብተሮቹን ምን ላድርጋቸው? ባለቤቴ ቤቱን አጣበብከው እያለች ነው" አሉኝ።

"ምን ይሠሩልዎታል ጋሼ? ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የለ!" አልኳቸው። ማንም ሳያስገድደኝ እኔው ነኝ ያልኩት።

ከስድስት ወር በኋላ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሎ ማሽኑን እኔ ጋ ትተውት ሄዱ። በማግስቱ አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት ዲስኩ ሞቶበት እየሮጠ መጣ። የማግስት ፈተና የሚያባዛው እሱ ነው። ዲስክ አልነበረኝም። የመምህርን ሁለተኛ ዲስክ ነቀልኩና ሰጠሁት። ለጊዜው።

መምህር ከቀጠሮው ቀድመው መጡ። ፓወር ሰፕላዩን ቀይሬያለሁ፤ መብራት ግን ስለጠፋ ልሞክረው አልቻልኩም። ዊንዶውሱ በመጀመሪያው ዲስክ ላይ አለ፣ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይነሳል፣ ሐሙስ አዲስ ዲስክ ሲመጣልኝ ሮቤ ሄጄ እተካለሁ አልኩ በልቤ። ለሳቸው ትንፍሽ አላልኩም። ብርድ ልብሱን አጥብቀው አሰሩና "ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመስግነውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ሦስት ጊዜ ደወሉ። ስማቸውን ስልኩ ላይ እያየሁ አላነሳሁም። ዲስኩ መጉደሉን አውቀዋል ብዬ አፈርኩ። ሐሙስ ዲስኩን ይዤ እደውላለሁ አልኩ።

ለካ ያን ቀን ሳላነብ ኢንተር ስመታ የሊኑክሱን ማስነሻ የመጀመሪያው ዲስክ ላይ፣ በዊንዶውሱ ማስነሻ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። የማስነሻው ቀሪ ክፍል ያለው ደግሞ በነቀልኩት ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲከፈት ሁለተኛውን ዲስክ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ ይቆማል። ዝናቡ ግን ምንም አልሆነም ነበር። አንዲት ጠብታ አልጎደለችም! ማስተካከሉ የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር።

ሐሙስ ደወልኩ። ድምፃቸው የደስታ ነበር።

"አይዞሽ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው። እዚሁ ሮቤ አንድ ባለሙያ ሠራልኝ። አዲስ አድርጎት፣ ፊልሙን ሁሉ ሞልቶልኝ! ዝናቡ ለብቻው ዲስክ ላይ ነው ስላልሽኝ አደራ እንኳ አላልኩትም። እሱን ብቻ የት እንዳስቀመጠው አጣሁት። የት ነው የሚገኘው?"

ባለሙያውን አልወቅሰውም፤ የማይነሳ ማሽን ሲመጣለት ሁላችንም የለመድነውን ነው ያደረገው። ፎርማት አድርጎ፣ ለምርቃት ደግሞ ዲስኩን በፊልም አጭቆታል። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሮቤ ሄድኩ። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ፈተሽኩት። ዝናቡ የነበረበት ቦታ ላይ ፊልም ተቀምጦበታል።

"ደብተሮቹስ ጋሼ?"

ወደ ሰፈራቸው ሱቅ ወሰዱኝ። ባለሱቁ ከሚዛኑ አጠገብ ምስማር ላይ ከተንጠለጠለው ወረቀት የቀረውን አውርዶ ሰጠን። ግማሽ ደብተር ነበር። ሌላው በርበሬና ጨው ተጠቅልሎበት አልቋል።

እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የነቀልኩትን ዲስክም፣ ያላነበብኩትን ጥያቄም፣ ያላነሳሁትን ስልክም። እያለቀስኩ ነበር። መምህር ግማሹን ደብተር እያገላበጡ ሰሙኝ።

"ዲስኩን ወሰድሽ፤ እሺ፣ ቸግሮሽ ነው" አሉ። "ስልኩን ለምን አላነሳሽም? እኔ እኮ ልቆጣሽ አልነበረም የደወልኩት። እዚህ ላሠራው ወይስ አንቺን ልጠብቅ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር።"

እሳቸው አሁንም በየጠዋቱ ይለካሉ፤ የሚጽፉት ግን በደብተር ብቻ ነው። እኔ ጋ ኮምፒውተር አምጥተው አያውቁም።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ የሰው ዲስክ ሳታስፈቅዱ አትንቀሉ። ከነቀላችሁ ባለቤቱ ሳይሄድ ንገሩት። ከደወለም አንሱ።