ሴልሶ ከላጤዎቹ ጋር

ሴልሶ ኖሪዬጋ ኳስ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የኛ መንደር ግን ይህን የሰማ አይመስልም። ዓሣ ሻጯ ሳርዲን ስትመዝንለት ሁልጊዜ ትመርቅለታለች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሦስት ሴልሶዎች አሉ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሴልሶ የሚባል አህያ አለ። በስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ዕድሜውን የጨረሰ፣ አንደኛውን ለአንድ ዓመት ብቻ ያየ አማካይ ነበር። ብዙ አይሮጥም፤ ኳሷን ግን አጥቂው ገና ሊሄድበት ያላሰበው ቦታ ላይ ያስቀምጥለታል።

ከሜዳ ውጭ ግን ሐሳቡ እንዲህ ፈጣን አይደለም። ከኒዬቬስ ጋር በፖም ጠጅ ቤቷ ለዓመታት አብረው ሲኖሩ፣ ስለ ጋብቻ በተነሳ ቁጥር "እናያለን" ይላል።

በዚህ የሚጎዱት ባለትዳሮቹ ናቸው። በነሐሴው የሳን ሮኬ በዓል ባለትዳርና ላጤ ኳስ ይጋጠማል፤ የተሸነፈ ለአሸናፊው በግ ይጠብሳል። ሴልሶ በሕግ ላጤ ነውና እሱ ከመጣ ወዲህ ጠባሾቹ ተቀይረው አያውቁም።

"አንቺ ሴት፣ በማርያም፣ አግቢውና ገላግዪን" አላት ኒዬቬስን የባለትዳሮቹ አምበል፣ ፀጉር አስተካካዩ ላውሬያኖ።

"እኔ ነኝ እንዴ እምቢ ያልኩት?"

በበዓሉ ጠዋት ኒዬቬስ የላጤዎቹን ቢጫ ማሊያ ተኩሳ ሰጠችው። "ዛሬም ከላጤዎቹ ጋር ከተጫወትክ ማታም እነሱ ጋ እደር። ቤቴ ለላጤ አይከፈትም።"

ሴልሶ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሄዶ ከላጤዎቹ ጋር ተሰለፈ፤ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት እንጃ። እስከ እረፍት ሁለት ለዜሮ መሩ። ኒዬቬስ በእረፍት ለሁሉም ጠጅ ስትቀዳ እሱን ዘለለችው። ሁሉም አየ፤ ማንም አልቀለደም።

ከእረፍት መልስ ሴልሶ ኳስ አገኘ፣ ቀና አለና ሜዳውን ሰንጥቃ የምታልፍ ኳስ ለላውሬያኖ ሰጠው። ላውሬያኖ በድንጋጤ አገባት።

"ሴልሶ፣ ምን ነካህ? ቢጫዎቹ እኮ እኛ ነን" አለው የላጤዎቹ ተከላካይ።

"አውቃለሁ።"

ሁለተኛዋንም እንዲሁ አቀበለ። ሁለት እኩል። ከዚያ ማሊያውን አውልቆ ወደ ባለትዳሮቹ ተሻገረ።

ዳኛው አባ ቤኒግኖ ፊሽካ ነፉ። "ልጄ፣ አላገባህም እኮ።"

"ቄሱ እርስዎ አይደሉ? ያጋቡኛ።"

"እኔንስ የጠየቀ አለ?" አለች ኒዬቬስ ከመስመሩ ውጭ።

ሴልሶ ደረቱን እንደተራቆተ ሄዶ ፊቷ ቆመ። "ታገቢኛለሽ?"

"ፖሙ ይለቀምና" አለች። "ከዚያ በፊት ጊዜ የለኝም። አሁን ልበስ፣ ይበርድሃል።"

"እንግዲያው ፖሙ እስኪለቀም ላጤ ነህ፤ ወደ ቡድንህ" ብለው ፈረዱ አባ ቤኒግኖ።

ላጤዎቹ ግን ከእንግዲህ እግሩን ሊያምኑት አልቻሉምና በረኛ አደረጉት። የላውሬያኖ ሦስተኛ ኳስ ቀስ ብላ እየተንከባለለች በአጠገቡ አልፋ ጎል ስትገባ ዓይኑ ኒዬቬስ ላይ ነበር። ተከላካዩ ሊሰድበው ዞረ።

"ዘንድሮ ፖሙ ቶሎ የሚደርስ ይመስልሃል?" ሲል ሴልሶ ቀደመው።