ደረቅ አፈር

ዛሬ ጠዋት የጎርፍ ጭቃ ሽታ ወረታ ድረስ መጥቷል። ከአዲስ አበባ የመጣችው የልጅ ልጄ፣ ወንድሟ ጎርፉን ሊያይ ጥሏት ወደ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ቢሄድ፣ «ውሃ ይብላህ!» ብላ ከበር ላይ ጮኸችበት።

እኔም በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜን እንዲሁ ብዬዋለሁ። ከብት ሊያሻግር ሲወጣ «አንቺ ንፍጣም!» ብሎኝ ነበር። «አህያ» ብዬው ቢሆን እናቴ ትስቅ ነበር። «ውሃ ይብላህ» ስል ግን የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ።

«ደረቅ መሬት ላይ ትፊው!» አለችኝ።

ግቢው ሁሉ ውሃ ነበር። ከግድግዳው ላይ ምርጊት በጥፍሯ ፈልፍላ አፌ ሥር ያዘችልኝ። ተፋሁበት።

«ሌላውን ስድብ የሚሰማው ሰው ነው፤ ይኼን ግን ውሃውም ይሰማል» አለች።

ወንድሜ ማታ እስከ ደረቱ ርሶ ገባ። እናቴ ወደ ሜዳው እያየች «ዛሬስ ውሃው አልሰማሽም» አለችኝ።

ይህን ለልጅቱ ስነግራት «ኧረ እማማ፣ ቃል እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ተምሬያለሁ፤ ቃል እንደማይገድል አውቃለሁ።

አሁን ሊመሽ ነው። ልጁ አልተመለሰም፤ ስልኩም አይነሳም።

«እማማ፣ የት ልትፋው?» አለችኝ ልጅቱ።

ግቢው በዝናብ ርሷል። ግድግዳውን ዳበስሁት። ሲሚንቶ ነው።